የካርቦን ቆጠራው ከስቶር ይጀምር

ዩኒቨርሲቲያችሁ «ስንት ካርቦን እንለቃለን?» ብሎ ሥራውን እናንተ ላይ ከጣለ፣ መጀመሪያ ወደ ፋይናንስ አትሂዱ። እኔ ሄጄ አንድ ወር ሙሉ አቃጥያለሁ።

የግቢው ጄኔሬተር፣ መኪናና የኩሽናው ማገዶ ቀጥተኛ ልቀት ናቸው። የምንገዛው መብራት ለብቻው ይያዛል። የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ቁጥሩ ትንሽ ነው። የቀረው፣ ማለትም ጤፉ፣ ወረቀቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ ግንባታው፣ ጉዞውና ቆሻሻው፣ ስኮፕ 3 ይባላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ15 ምድብ ይከፍለዋል። ለመጀመሪያው ዓመት ግዥ፣ ጉዞና ቆሻሻ ይበቃሉ።

ፋይናንስ ያለው ብር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ብር ብቻውን ብዙ ያሳስታል። በወጪ ሳሰላ የወረቀታችን ልቀት በአንድ ዓመት ተተኮሰ። ስቶር ወርጄ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ሳገላብጥ ግን የገባው ደስጣ ቀንሶ አገኘሁት። የጨመረው ዋጋው ነበር! ስለዚህ ኩንታሉን፣ ደስጣውን፣ የኮምፒውተሩን ብዛት ቁጠሩ። ብዛት ያልተጻፈለት ዕቃ ብቻ በብር ይሰላ።

ከሁሉ የሚረሳው የተማሪ ጉዞ ነው። ልጆቹ ከየክልሉ ተመድበው ነው የሚመጡት። ሬጅስትራር የመጡበትን ከተማ ይዟል። አንድ አውቶቡስ 500 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 150 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። አንድ ሊትር ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በድምሩ 405 ኪሎ። ለ45 ሰው ሲካፈል 9 ኪሎ ይደርሳል። ደርሶ መልስ 18። 10,000 ተማሪ ካላችሁ 180 ቶን ነው። ይህን እንዴት ዝም ብለን እናልፈዋለን?

የመምህራኑን በረራ ከጉዞ ማዘዣው አውጡ። ብዛቱን ወደ ካርቦን ለሚቀይረው ማባዣ የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ በነጻ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ጥሩ ነው። የግቢው ሰርቪስ ነዳጅ ግን ቀጥተኛው ውስጥ ስለገባ እዚህ አትድገሙት።

ሪፖርቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ በቶን አቅርቡ። የተለካውን ከተገመተው ለዩ። የተዘለለውንም በግልጽ ጻፉ፤ እኛ ግንባታውን መዝለላችንን በመጀመሪያው ገጽ ነው ያሰፈርነው። ማባዣውን ከየት እንደወሰዳችሁና የየትኛው ዓመት እንደሆነም ከየቁጥሩ ጎን ይኑር። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የሚረከበው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።