የማስተርስ መግቢያ ፈተና ላይ የእንግሊዝኛ ግራመር፦ አማርኛችን የት የት ይጎትተናል

ለጋትም (በሀገር አቀፍ ደረጃ ለሚሰጠው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ይሁን ዲፓርትመንቶች ራሳቸው ለሚያወጡት መግቢያ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባህር ዳር፣ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ልጆች ይሄ ለናንተ ነው። ብዙ ሰው ግራመር ላጥና ብሎ ሲነሳ ናውን፣ ፕሮናውን፣ አድጀክቲቭ እያለ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምርና ቴንስ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ከዛ ፈተናው ደረሰ። እኔ የምለው ሌላ ነው፣ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛችን ወደራሱ በሚጎትተን ቦታ ነው የምንወድቀው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን አጽዱ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፣ "ለጆሮህ ደስ ያለህን ምረጥ" የሚባለውን ምክር ተዉት። እሱ እንግሊዝኛ እየሰማ ላደገ ሰው ነው የሚሰራው። የኛ ጆሮ የተሰራው በአማርኛ ነውና ደስ የሚለው ብዙ ጊዜ አማርኛ የሚመስለውን ምርጫ ነው፣ ፈተና አውጪውም ያንን ምርጫ ከአራቱ አንዱ አድርጎ አስቀምጦላችኋል። በምክንያት ምረጡ። (ምሳሌዎቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፣ ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ ገልብጣችሁ ስሩባቸው።)

መጀመሪያ ቨርቡን ፈልጉ፣ ቀጥሎ ባለቤቱን። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ሀገር ነው፣ ቅኔ ቤት የገባ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፣ ባለቤቱ ማን ነው ማሰሪያው የቱ ነው ሳይባል አረፍተ ነገር አይፈታም። እንግሊዝኛውም ላይ ይሄንኑ አድርጉ። ለምሳሌ፦ "ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ሲድስ ሶልድ ኢን ዘ ማርኬትስ ኦፍ ቡሬ ኤንድ ዳንግላ" ካለ በኋላ ኢዝ ነው አር? ብዙ ልጆች አር ይላሉ። ለምን መሰላችሁ፣ በአማርኛ "በቡሬና በዳንግላ ገበያዎች የሚሸጠው ዘር ጥራት" ስንል ዋናው ስም ጥራት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከማሰሪያው አጠገብ ማለት ነው፣ እና አይናችን ባለቤቱን ከቨርቡ አጠገብ መፈለግ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ስም ከፊት አስቀምጦ ማብራሪያውን ከኋላው ይከምረዋል፣ ከቨርቡ አጠገብ ያለው ቡሬና ዳንግላ ማሳሳቻ ነው። ከኦፍ ጀምሮ እስከ ቨርቡ ያለውን በእርሳስ ሰርዙት፣ ኳሊቲ ብቻ ይቀራል፣ መልሱ ኢዝ። ይቺን አንዷን ልምድ በደንብ ከያዛችሁ በጣም ብዙ ጥያቄ ትሰራላችሁ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምሟገትላት እሷን ነው።

እዛው ላይ ሌላም አለ። አማርኛ "አስተማሪው ከተማሪዎቹ ጋር ሄዱ" ቢል ማንም አይቆጣም፣ በእንግሊዝኛ ግን አሎንግ ዊዝ፣ ቱጌዘር ዊዝ፣ አዝ ዌል አዝ የሚሉት ባለቤቱን አያበዙትም፣ "ዘ ቲቸር፣ አሎንግ ዊዝ ሂዝ ስቱደንትስ፣ ኢዝ" ነው። ኢች እና ኤቭሪ ነጠላ ናቸው። "ዘ ነምበር ኦፍ" ነጠላ፣ "ኤ ነምበር ኦፍ" ብዙ። "ወን ኦፍ ዘ" ካለ በኋላ ስሙ ብዙ ቨርቡ ነጠላ፣ ወን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃዝ። ኒይዘር እና ኖር ካሉ ቨርቡ ለቅርቡ ስም ይታዘዛል።

ሁለተኛው ትልቁ ጉዳይ ማያያዣ ነው። እኛ "ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ነገር ግን ገበያው ሞልቶ ነበር" እንላለን፣ ሁለቱንም እናስገባለን፣ ለኛ ምንም ችግር የለውም። እንግሊዝኛ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ኦልዞ (ምንም እንኳን) ካለ በት (ነገር ግን) የለም፣ በት ካለ ኦልዞ የለም። ቢኮዝ እና ሶ ላይም ያው ነው፣ "ስለዘነበ፣ ስለዚህ ቀረሁ" የሚለውን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ምርጫዎቹ ውስጥ ኦልዞ ጀምሮ ኮማ ካለ በኋላ በት ያለበትን ስታዩ ሳታመነቱ ሰርዙት።

ሦስተኛ፣ ሁ፣ ዊች፣ ዛት ያለባቸው አረፍተ ነገሮች። "የገዛሁት መጽሐፍ" ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው ት መጽሐፉን ታመለክታለች፣ እና ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ እሷን ይዘናት እንሄድና "ዘ ቡክ ዛት አይ ቦውት ኢት" እንላለን። ኢት ትውጣ፣ ዛት የሷን ቦታ ይዞታል። "ዘ ማን ሁም አይ ሜት ሂም" ላይም ሂም ይወጣል። ደግሞ "ዘ ፋርመር ሁ ሶልድ ሂዝ ሜይዝ ኢን ቡሬ" ብሎ ነጥብ ካደረገ አረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ ሶልድ የሁ ቨርብ ነው፣ ፋርመር ግን ማሰሪያ አላገኘም፣ ገበሬው ምን ሆነ?

አራተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ምክንያቱን ካገኛችሁት አትረሱትም። "ወደ መናኸሪያ እየሮጥኩ አውቶቡሱ አመለጠኝ" ትክክለኛ አማርኛ ነው፣ እየሮጥኩ ሲባል ሯጩ እኔ መሆኔ እዛው ቃሉ ላይ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ራኒንግ ግን ማን እንደሚሮጥ አይናገርም፣ ከኮማው በኋላ መጀመሪያ የሚመጣውን ስም ባለቤቱ ያደርገዋል። ስለዚህ "ራኒንግ ቱ ዘ ስቴሽን፣ ዘ በስ ሌፍት" ካላችሁ የሮጠው አውቶቡሱ ሆነ። ትክክሉ "ራኒንግ ቱ ዘ ስቴሽን፣ አይ ሚስድ ዘ በስ" ነው። በአይኤንጂ ወይም በኢዲ ቃል የሚጀምር አረፍተ ነገር ባያችሁ ቁጥር ከኮማው ቀጥሎ ያለውን ስም እዩና ይሄን ስራ የሰራው እሱ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ምርጫው ወደቀ።

ቴንስ ላይ ብዙ አልቆይም። "ትናንት በልቻለሁ" እንላለን፣ እንግሊዝኛው ግን የስተርዴይ፣ ላስት ዊክ፣ ኢን 2010 የመሰለ ያለቀ ጊዜ ካለ ሃቭን አይቀበልም፣ አይ ኤት የስተርዴይ ነው። "ከዚህ ጊዜ ጀምሮ" የሚል ሲንስ ካለ ሃቭ ወይ ሃዝ ፈልጉ። ከኢፍ ቀጥሎ ዊል አይግባ፣ "ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ጎ"። ኢፍ ቀጥሎ ሃድ ከሌላ ቨርብ ጋር ካለ ("ኢፍ ሂ ሃድ ካም" እንደሚለው) ሌላኛው ጎን ዉድ ሃቭ ይሁን።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ "ሦስት ላም ገዛሁ" ይባላል በኛ፣ እንግሊዝኛ ግን ከቁጥር በኋላ ስሙን ያበዛል፣ ስሪ ካውስ። ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ኢኩዊፕመንት፣ ሪሰርች፣ ኤቪደንስ ላይ ኤስ አትጨምሩ። ዲስከስ ኣባውት አይባልም፣ ዲስከስ ራሱ ስለ የሚለውን ይዟል። "አስረዳኝ" ኤክስፕሌይን ሚ ሳይሆን ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ ነው። የተደረደሩ ነገሮች አንድ መልክ ይኑራቸው፣ ፕላዊንግ፣ ሶዊንግ ካለ ሦስተኛው ሃርቨስቲንግ እንጂ ቱ ሃርቨስት አይሆንም። ኔቨር ወይም ኖት ኦንሊ አረፍተ ነገር ከጀመረ ቨርቡ ይገለበጣል፣ ኔቨር ሃቭ አይ ሲን። ማወዳደሪያ ላይ ደግሞ የሚወዳደሩት አንድ አይነት መሆናቸውን እዩ፦ ደብረ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ባህር ዳር 1800 ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ትቀዘቅዛለች፣ ግን "ዘ ክላይሜት ኦፍ ደብረ ማርቆስ ኢዝ ኩለር ዛን ባህር ዳር" ካላችሁ አየር ንብረትን ከከተማ ጋር አወዳደራችሁ፣ "ዛን ዛት ኦፍ ባህር ዳር" ይሁን።

መለማመጃ ከየት? ጂማት የሚባለው የውጭ የማስተርስ ፈተና ድሮ ሴንተንስ ኮሬክሽን የሚባል ክፍል ነበረው፣ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ በመጣው አዲሱ ቅርጽ ወጥቷል፣ ጥያቄዎቹ ግን አሁንም ለልምምድ ምርጥ ናቸው፣ ከበድ ይላሉ እንጂ። ጀማሪ ከሆናችሁ ቶፍል አይቲፒ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ጀምሩ፣ የስትራክቸር ክፍሉ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነው፣ ፍጥነትም ያስለምዳል። ጂአርኢ የሚባለው ሌላው የውጭ የማስተርስ መግቢያ ፈተና ግን ግራመርን ለብቻው አይጠይቅም፣ እሱን የምትፈተኑ ከሆነ ጊዜያችሁን ለቮካቡላሪና ለሪዲንግ ስጡ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ፒዲኤፉን አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ፋይሎችን ግን መልሳቸውን ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ ብዙዎቹ ላይ የተሳሳተ መልስ አለ፣ ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻላችሁ መልሱን አትያዙት።

የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ደብተር ላይ ስትጽፉ መልሱን ብቻ አትጻፉ፣ ከስሩ በአማርኛ "ባለቤቱን ከቨርቡ አጠገብ ፈለግኩ" ወይም "ነገር ግንን ጨመርኩ" ብላችሁ የጎተታችሁን ነገር ጻፉ። ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ ያው ሦስት አራት ምክንያት እየተመላለሰ ታዩታላችሁ፣ የናንተ ጥናት እሱ ነው፣ ጓደኛችሁ የሚያጠናውን አትከተሉ።

ፈተናው ላይ ደግሞ አረፍተ ነገሩን አንዴ አንብቡና ወዲያው አራቱ ምርጫዎች በምን እንደሚለያዩ እዩ። ልዩነታቸው ኢዝ እና አር ከሆነ የሚጠይቃችሁ ባለቤትን ነው፣ ሃቭ እና ሃድ ከሆነ ጊዜን ነው፣ ሁ እና ሁም ከሆነ ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ የሚለውን ነው፣ ሌላውን እርሱት። ሁለት ምርጫ ቀርቶ ካልወሰናችሁ አጠር ያለውን ያዙና ቀጥሉ፣ ሰዓት ከተረፈ ትመለሱበታላችሁ።