ጀጎል ውስጥ ቤት ሲሠራ ጠብ የሚያመጡ ስህተቶች

የሐረር ጀጎል ግንብ የከበበው ቦታ 48 ሄክታር ብቻ ነው። አምስት ጥንታዊ በር፣ 82 መስጊድ፣ የተቃቀፉ ቤቶች። ሰው ግን ይኖርበታል። ልጅ ያገባል፣ ቤት ይጠባል፣ አንድ ክፍል እንጨምር ይባላል። ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ይጀምራል።

ሥራ ጀምሮ ፈቃድ መጠየቅ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «ግድግዳው አንዴ ከቆመ አያፈርሱትም» ብሎ አሸዋ የሚያስጭን አለ። ከዚያ ሥራው ይታገዳል፣ ሲሚንቶው ዝናብ ይመታዋል፣ ቤተሰቡ በግማሽ ጣሪያ ስር ክረምቱን ያሳልፋል። በቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በቅርስነት የተመዘገበን ቤት ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው። ስለዚህ ብሎኬት ሳትገዙ ንድፉን ይዛችሁ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ቀጥሉ» ያላችሁ ሰው ነገ ቢቀየር የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

«ግቢዬ ውስጥ ነው፣ ማን ያገባዋል?» ጎረቤት ያገባዋል። የሐረሪ ቤት ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ነው፤ ሴቶች ነጠላ ሳይደርቡ የሚውሉበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚበሰልበት ግቢ ነው፣ እናንተ ፎቅ ጨምራችሁ መስኮት ስትከፍቱበት ያ ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ቢከሷችሁ አትፍረዱባቸው። ቡና ላይ ጠርታችሁ ንድፉን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፣ መስኮቱን ወዴት እንደምታዞሩ አብራችሁ ምከሩ።

የድንጋዩን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን። ያማረ ይመስላል። ድንጋዩ የተያያዘው ግን በጭቃ ነው፣ እርጥበት ሲገባበት በልስኑ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ያንን ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑ ያብጥና በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። የድሮ ግድግዳ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ።

«ትንሽ ነገር ናት» ማለት። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ስጋት ተብለው ከተጠቀሱት ውስጥ የእንጨት በርን በብረት መቀየር፣ ቆርቆሮና የቴሌቪዥን አንቴና ይገኙበታል። ውስጡም ቅርስ ነው። ሶፋ ለማስገባት ነደባውን፣ ማለት ከፍ ብሎ የተሠራውን የመቀመጫ መደብ፣ ካፈረሳችሁ፣ የአባወራውን፣ የእንግዳውን፣ የወጣቱን መቀመጫ የለየውን የቤቱን ሥርዓት አብራችሁ አፈረሳችሁ።

ቢሮ ገብቶ «ቅርስ ከሰው ይበልጣል ወይ?» ብሎ መጮህ። ጥያቄው እውነት አለው፣ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል ማደር ቀልድ አይደለም። የቢሮ ሰዎችም ማመልከቻን ወራት ማስተኛት የለባቸውም። ግን ጩኸት ክፍል አይሠራም። ስንት ሰው እንደምትኖሩ፣ የትኛው ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ ምን እንዳጠራችሁ ጻፉ። አዋጁ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ያንን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ማመልከቻው ውስጥ አስገቡት።