ቱዊት-ቱዊትን በሮሽ ኤክሪት ጫካ ፈልጎ ለማየት

ቱዊት-ቱዊት የሚባለው ወፍ በሕንድ ውቅያኖስ ካለችው ከሬዩንዮን ደሴት ሌላ የትም የለም። በደሴቲቱም ላይ የቀረው ከዋና ከተማዋ ከሳን ዴኒ በላይ ባለው በሮሽ ኤክሪት ተራራ ጫካ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ መፈለግ በከንቱ መድከም ይሆናል።

«ለ ብሩሌ» በሚባለው መንደር በኩል አድርጋችሁ ማሞድ እስከሚባለው የመኪና ማቆሚያ ውጡ። ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ፕሌን ደ ሺኮ ማረፊያ የሚያወጣው የእግር መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጎህ ሲቀድ ጀምሩ፤ ረፋዱ ላይ ደመና ጫካውን ይሸፍነዋል፣ ያኔ ግራጫ ወፍ ከግራጫ ጉም አይለይም። 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይበቃል።

መጀመሪያ በጆሮ ፈልጉት። ወንዱ «ቱዊት፣ ቱዊት፣ ቱዊት» እያለ በተከታታይ ያፏጫል፤ ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው። ድምፁን ስትሰሙ ወደ እሱ አትሩጡ፣ ከመንገዱም አትውጡ። ባላችሁበት ቆማችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚመለሰው ፈጣን እንቅስቃሴ ስለሚጠብቅ ነው፤ ይህ ወፍ ግን ከቅጠሉ መሃል ረጋ ብሎ ነፍሳትና አባጨጓሬ ይለቅማል። በወንዶ ገነት ደን ግራጫውን ዘመዱን ያየ ሰው ይህን እርጋታ ወዲያው ያውቀዋል።

ወንዱ ከላይ ግራጫ፣ ከታች ፈዘዝ ያለ ሲሆን በዓይኑና በምንቃሩ መካከል ጠቆር ይላል። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ነጭ ቅንድብ አላት፣ ነጣ ባለው ሆዷ ላይም ስስ አግድም መስመሮች አሉ። ከሁሉ የሚያሳስተው የአገሬው ሰው «ሜርል» የሚለው ጯሂ ወፍ ነው። ምንቃሩን እዩ፦ ብርቱካናማ ከሆነ ሜርል ነው፤ የቱዊት-ቱዊት ጥቁር ነው።

የተቀዳ ድምፅ ፈጽሞ አታጫውቱ። ወንዱ ባላጋራ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይመጣል፤ ጎጆው ውስጥ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ነው። ዋናው ጠላቱ በመርከብ የገባው አይጥ ነው፤ ዛፍ ወጥቶ እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ስለዚህ የዳቦ ፍርፋሪም ሆነ የብርቱካን ልጣጭ «ይበሰብሳል» ብላችሁ አትጣሉ፤ ከመበስበሱ በፊት አይጥ ይቀለብበታል። የሚዘጋ ከረጢት ያዙና ሁሉንም ይዛችሁ ውረዱ። የአይጥ መርዝ ያለባቸውን ሳጥኖች ብታዩ አትክፈቱ፣ አታንቀሳቅሱም፤ የተዘረጉት በመስመር ስለሆነ አንዱ ከቦታው ሲጎድል አይጥ በዚያ ክፍተት ይገባል።

ምግብ በምንቃሯ ይዛ የማትውጥና በእናንተ ዙሪያ የምትጮህ ሴት ካያችሁ ጎጆዋ ቅርብ ነው። ፎቶ ለማንሳት አትቆዩ፤ ወዲያው መንገዳችሁን ቀጥሉ።