አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በግቢ ውስጥ እንዴት ይወርዳል?

የምናገረው ሞተሩ በአግድም የተቀመጠና በፊት ጎማ የሚነዳ፣ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ስላለ መኪና ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳው ሥራው ሌላ ነው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀሉ። መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ በብረት ማቆሚያዎች ላይ አሳርፉ። ብሎኬት የሚደረድሩ አሉ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃልና ከሥሩ አትግቡ።

የካምቢዮውን ዘይት አፍስሱ። ጎማዎቹን፣ ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ዘንጎች፣ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን)፣ የማርሹን ገመድና የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎቹን አውጡ፤ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። የቱቦዎቹን አፍ በፕላስቲክ ድፈኑ። ክር የሚተው ጨርቅ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጠላት ነው።

ዋናው ጉዳይ ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ ዘይት የሞላበት ክብ ብረት። ከካምቢዮው ጋር አብሮ መውጣት አለበት፤ ነገር ግን ከሞተሩ ጋር በሚዞር ስስ የብረት ሳህን ላይ ታስሯል። ቡሎኖቹ በብዙ ቶዮታዎች ስድስት ሲሆኑ በመፈተሻው ቀዳዳ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው። እሱን ፈትታችሁ የክራንኩን ፑሊ (በሞተሩ ጫፍ ያለውን መዘውር) በመፍቻ እያዞራችሁ ቀጣዩን ታመጣላችሁ። ቀለሙ የተለየ ቡሎን ካለ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሲገጠም ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።

ከዚያ ሞተሩን ከላይ በድጋፍ ብረት አንጠልጥሉ። ከሥር በእንጨት መደገፍን አልወድም፤ የዘይት ቋቱን ያጎብጣል። ካምቢዮውን በክሪክ ደግፋችሁ ከመኪናው አካል ጋር የያዘውን ማቀፊያና ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን የቀሩ ቡሎኖች ፍቱ። አልላቀቅ ካለ መዶሻ አታንሱ፤ የካምቢዮው የውጭ ቤት አሉሚኒየም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተረሳ ቡሎን አለ። ሲለያይ ኮንቨርተሩን ወደ ካምቢዮው ገፍታችሁ በሽቦ እሰሩት፤ ካምቢዮው ካዘነበለ ተንሸራትቶ እግር ላይ ይወድቃል።

ስትመልሱት ኮንቨርተሩን እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። ደረጃ በደረጃ ገባ፣ ገባ ይላል፤ ከመጀመሪያው በኋላ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ብቻ ገጥሞ፣ ኮንቨርተሩም በነጻነት መዞር አለበት። ክፍተቱን በቡሎን ጎትቶ የሚዘጋ ሰው የዘይት ፓምፑን ይሰብራል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።