የድንገተኛ ዓይን መታጠቢያና ሻወር ውሃ ለብ ያለ መሆኑን እንዴት እናረጋግጥ?

አሲድ ወይም ካስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው እርዳታ ውሃ ነው። ያውም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ሳይቋረጥ። ውሃው የሚፋጅ ወይም አጥንት የሚሰብር ብርድ ከሆነ ግን ማን ይችለዋል? ሰውየው ኬሚካሉ ሳይለቀው ጥሎ ይሸሻል።

ብዙዎች የሚከተሉት የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም (አንሲ) ዜድ358.1 ደረጃ ውሃው ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ያዛል። ከ38 በላይ ሲሆን ዓይንን ራሱን ይጎዳል፤ ኬሚካሉ ቆዳ ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት ሊያባብስ ይችላል።

መጀመሪያ ሰዓት ይምረጡ። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ከሆኑ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይለኩ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጥቁር ታንከር ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚታየው። አዲስ አበባ ከሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለዳ ላይ ይለኩ።

ከዚያ ባልዲና ዲጂታል ቴርሞሜትር ይዘው መታጠቢያውን ወይም ሻወሩን ይክፈቱ። ውሃው እስኪስተካከል ጠብቆ መለካት አይሠራም። የተጎዳው ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የቆየው የመጀመሪያው ውሃ ነውና መጀመሪያ እሱን ይለኩ። ቀጥሎ በ5ኛው፣ በመጨረሻም በ15ኛው ደቂቃ ይድገሙ።

የመጨረሻው ልኬት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የዓይን መታጠቢያ በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ሻወሩ ግን በደቂቃ 76 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ በ15 ደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ማለት ነው። የቤት ውሃ ማሞቂያ ይህን አይችልም፤ መሀል ላይ ውሃው ይቀዘቅዛል።

ውሃው ከሞቀ ታንከሩን ጥላ ያልብሱት፣ ውጭ ያለውንም ቧንቧ በሙቀት መከላከያ ይሸፍኑ። ከቀዘቀዘ ሙቅና ቀዝቃዛውን በራሱ የሚያመጣጥን ቴርሞስታቲክ ቫልቭ ያስገጥሙ። ሲበላሽ ሙቁን ዘግቶ ቀዝቃዛውን የሚያሳልፍ ዓይነት ይሁን። በእጅ የሚመጠን ቧንቧ እዚህ ቦታ የለውም፤ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ሙቅና ቀዝቃዛ ሊለይ አይችልም።

ጥገናው እስኪያልቅ አደጋ ቢደርስ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ማጠቡን አታዘግዩ።

በየሳምንቱ መሣሪያውን ከፍተው የቆመውን ውሃ ያፍስሱ። የቆመ ውሃ ጀርም ያራባል። የለኩትን ዲግሪና ቀኑን መሣሪያው ላይ በሚንጠለጠል ካርድ ይጻፉ።