ጅማ መሃል ከተማ አሮጌ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለና "ሂርማታ 280 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ ቤት በርካሽ አገኘሁ፣ ነገ ቀብድ ልጥል ነው" አለኝ። ኧረ ቆይ ተው አልኩት። ያን ቀን በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ እኔ ከወንድሜ ጋር አንዴ ገዝቼ ተሳክቶልኛል አንዴ ደግሞ ልገዛ ብዬ እጄን ተቃጥያለሁ፣ ከሁለቱም ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደረከሰ እወቁ። ሂርማታ፣ መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሰገነቱ የዘመመ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ልስኑ የረገፈ ቤት የምታዩት ሰው ስለሰነፈ አይደለም። ያ ሰፈር የቡና ነጋዴ ሰፈር ነበር፣ ጣሊያን የሰራውም አለ፣ ከሱ በኋላ ነጋዴው የሰራውም አለ። ሐምሌ 1967 አዋጅ 47 ወጣና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ከዛ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ገባ። ባለቤት የሌለው ቤት ደግሞ ማን ጣራ ይቀይርለታል? ተከራዩ "የኔ አይደለም" ይላል ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 50 ዓመት ሄደ። በ1983 መንግስት ሲቀየር ደግሞ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማነቷ ቀረ፣ መስሪያ ቤቱም ሰራተኛውም ሳሳ። ከዛ በኋላ ከተማዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ የጎተታት ዩኒቨርሲቲው ነው (በ1992 የግብርናው ኮሌጅና የጤናው ኢንስቲትዩት ተዋህደው የሆነው)፣ አዲስ ኪራይ አዲስ ካፌ ወደዛ ሄደ መሃሉ እያረጀ ቀረ።

ወሬ ተከትላችሁ አትግዙ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ሲመረቅ በዛ በኩል ቦታ ያጋበሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ከዛ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ታህሳስ 2014 ላይ አሜሪካ አጎአን (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ የምናስገባበትን እድል) ዘጋችብን፣ ሰራተኛ በገፍ ገብቶ ቤት ይከራያል የተባለው በወሬው ልክ አልሆነም። የአዲስ አበባ ጅማ ባቡርም ስንት ዓመት በወሬ ቦታ ሲያስወድድ ኖሯል፣ ሀዲዱ ግን የለም። ደላላው "እዚህ ጋ እንትን ሊሰራ ነው" ሲላችሁ ይሁን ብላችሁ እለፉት፣ ዋጋውን ዛሬ ባለው ነገር ብቻ አስሉ።

አሁን ወደ ስራው። ቤቱን ከማየታችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ። የቀበሌ ቤት ከሆነ በቃ ተውት። "ቁልፍ ነው የምሸጥልህ፣ 30 ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ስም ማዞር እኔ እጨርሳለሁ" የሚል ተከራይ ይገጥማችኋል፣ ሰውየው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ነገር ነው፣ ነገ ቀበሌው ሲመጣ እናንተ ናችሁ ውጪ የምትቀሩት። የጨረቃ ቤትም እንደዛው። የምትፈልጉት በግለሰብ ስም ካርታ ያለው ነው።

ካርታ ካለው ደግሞ ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ቦታው ከመንግስት በክፍያ ለተወሰነ ዓመት የተያዘ)? ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። መሬቱን እንደማትገዙት ታውቃላችሁ አይደል፣ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 መሰረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ሻጩ በዓመት ትንሽ የቦታ ግብር እየከፈለ የኖረበት ቤት ለእናንተ የሊዝ ክፍያ ይዞ ይመጣል፣ ስንት እንደሚመጣ አሁን በስራ ላይ ባለው ህግ ከመፈራረማችሁ በፊት መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን በደንብ የማትችሉ ከሆነ የምታምኑት ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ "ይሄ ምንም አይደለም" የሚላችሁን የሻጩን ሰው ማለቴ አይደለም።

እዛው እያላችሁ እግድ ወይ የባንክ መያዣ እንደሌለበት አጣሩ፣ አጣሩ ስል ሻጩ ያሳያችሁን ኮፒ ሳይሆን ራሳችሁ ፋይሉ እንዲታይ አድርጉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም (ወይ ባሏ)፣ በፌደራሉም በኦሮሚያውም የቤተሰብ ህግ የጋራ የሆነ ቤት በአንዱ ፊርማ አይሸጥም።

ከሁሉ የሚከፋው ውርስ ነው። የጅማ አሮጌ ቤት ሲባል ግማሹ አባትየው ሞቶ ልጆች የተበተኑበት ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሶስት ወንድማማቾች በጣም ጨዋ ሰዎች ቡና አፍልተው አስተናገዱን፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አሳዩን፣ ሶስት ስም አለው፣ ቀብድ ሰጠን። በወሩ አንዲት ሴት ከአረብ አገር ደወለች፣ እህታቸው ነኝ አለች፣ እውነትም እህታቸው ናት፣ ከሌላ እናት። ማስረጃው ላይ ስሟ የለም። ስምንት ወር ፈጀ፣ ሽማግሌም ገባበት፣ በመጨረሻ ገንዘባችን ተመለሰ ቤቱ ግን ቀረ። በህጉ ቀብድ የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፣ እኛ እጥፉን አልጠየቅንም፣ ልቅሶ ቤት ውስጥ የምንገናኝ ሰዎች ነን። ከዛ ወዲህ ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ፣ ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ጎረቤት ያሉ አሮጊት ጋ ገብቼ ቡና እየጠጣሁ "አባትየው ስንት ልጅ ነበራቸው እማማ?" እላለሁ። ፍርድ ቤት ያልሰማውን እማማ ያውቃሉ።

ቀጥሎ ፕላን። ቤቱን መንገድ ይነካዋል ወይ? የኮሪደር ልማቱ ጅማም ገብቷል፣ ዋና መንገድ ዳር ያለ ወይ አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ስትገዙ በፕላኑ ላይ ምን እንደተሰመረበት ሳታዩ ብር እንዳታወጡ። መንግስት ለህዝብ ጥቅም ሲወስድ በ2011ዱ አዋጅ 1161 ካሳም ምትክም አለ ግን ካሳው የሚሰላው ባለው ቤት ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ የጭቃ ቤት ዋጋ ነው፣ እናንተ የከፈላችሁት ደግሞ የመሃል ከተማ ዋጋ ነው። ሌላው፣ ያ የሚያምር ባለ እንጨት ሰገነት ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ፣ ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ማስፋት የለም።

እሺ ቤቱን ለማየት ክረምት ሂዱ። በጥር ሄዶ የገዛ ሰው በሐምሌ ያለቅሳል። ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ፣ መጋቢት ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም ነው። ዘንቦ ሲያባራ ግቢው ውስጥ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ ከጎረቤት ግቢ የሚገባው በየት በኩል እንደሆነ፣ ግድግዳው ስር እርጥበቱ ምን ያህል ወደ ላይ እንደወጣ እዩ። ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ (መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ብዙ ነው) ያንን ማስተካከል አዲስ ከመስራት አይተናነስም። ወደ ቦዬ ረግረጉ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ልስን አይደብቀውም።

ለጭቃ ቤት አንድ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። ከመሬት ጋር የሚገናኘውን ቋሚ ወጋ አድርጉት፣ ከገባ ምስጥ በልቶታል። ጽድ ከሆነ ይቆያል፣ ባህር ዛፍ ከሆነ ግን እድሜ የለውም። ኮርኒስ አንድ ጥግ ከፍቶ ማየት ሻጩን ያስቀይማል ግን ክፈቱት። የሽንት ቤቱ ጉድጓድና የውሃ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚራራቁ በእርምጃ ለኩ፣ ከተቀራረቡ ያንን ውሃ እንኳን ለመጠጣት ለእጅ መታጠቢያም አትመኙት።

ሂሳቡን ደግሞ በቁጥር ስሩት። ለምሳሌ ያህል ነው፣ የገበያ ዋጋ እንዳይመስላችሁ፣ ቤቱን በ4 ሚሊዮን ገዛችሁ፣ ለጥገና 1 ሚሊዮን ወጣ፣ በወር 25 ሺ አከራያችሁት። ተማሪ ከሆነ ተከራዩ ክረምት ሁለት ወር ባዶ ነው፣ ስለዚህ 250 ሺ በዓመት። ለግብርና ለጥገና 50 ሺ ቀንሱ፣ 200 ሺ ቀረ፣ ይሄ 4 ፐርሰንት ነው። ባንክ አስቀምጣችሁት ቢያንስ 7 ፐርሰንት ትወልዳለች። ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል ካላችሁ ቦታው ስለሚወደድ ነው፣ የምትገዙት ቦታውን ነው ማለት ነው፣ ቦታ ደግሞ ወረቀቱ ካልጸዳ አይሸጥም። ለዛ ነው ስለ ግድግዳ ትንሽ ስለ ወረቀት ብዙ የለፈለፍኩት። ማከራየት ያሰበ የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ 1320ም ይይ፣ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሰራ ነው፣ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም።

ውሉን በእጅ ጽፋችሁ በሶስት ምስክር ጨርሰናል እንዳትሉ፣ የቤት ሽያጭ ውል ውልና ማስረጃ ወይ ፍርድ ቤት ፊት ካልሆነ የፍትሐ ብሔር ህጉ 1723 አይቀበለውም። የደላላውን፣ 2 ፐርሰንት የቴምብሩን፣ የስም ማዞሪያውን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተስማሙ፣ የመጨረሻውን ብር ደግሞ ስም ዞሮ ተከራይ ወጥቶ ቁልፍ ስትረከቡ ስጡ። ቁልፍ የተረከባችሁ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ሻጩ ባለበት ፎቶ አንሱት፣ እኛ ሳናነሳ ቀርተን የሰውየውን የሰባት ወር ውሃ ከፍለናል።