የወረቀት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ማኮብኮቢያ ሲጎብጥ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ወረቀት ቆርጦ ማጠፍና ማጣበቅ ለለመደ ሰው ስለሆነ፣ ምላጩ ስለታም መሆን እንዳለበት ወይም ከማጠፍ በፊት የእጥፋቱን መስመር መጫር እንደሚያስፈልግ አልደግምም። ምሳሌ የማደርገው በ1፡400 ልኬት የሚሠራውን የኒሚትዝ ዓይነት የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው። እውነተኛው መርከብ 333 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም የወረቀቱ ሞዴል 83 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ማኮብኮቢያውም በሦስት ኤ4 ወረቀቶች ተከፋፍሎ ይታተማል።

ሙጫ ሲነካው ቀለሙ ከፈሰሰ በኢንክጄት ታትሟልና በሌዘር ያሳትሙት። የማማው አንቴና ከተጣመመ ወረቀቱን ትተው የመጥረጊያ ስንጥር ይጠቀሙ።

ሦስቱ የማኮብኮቢያ ክፍሎች ከመርከቡ የጎድን አጥንቶች (አካሉን ከውስጥ በአግድም ከሚደግፉት ቁራጮች) ጋር አልገጥም ካሉ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተፈጸመው ማተሚያ ቤት ነው። ሠራተኛው ሥዕሉን ከገጹ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ሲያትመው መጠኑ ወደ 97 በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ይህ ቢሆን እንኳ ክፍሉ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። አንድ ጊዜ ሁለቱን ወረቀቶች ማክሰኞ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሐሙስ በሌላ ማሽን አትመው ሰጡኝ፤ እኔም ሳልለካ ቆርጬ የአንድ ሳምንት ድካሜን ጣልሁ። ከማተሚያ ቤቱ ከመውጣትዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩ፤ ሠራተኛው ፊቱን ቢያጠቁርም ይለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ፤ ባሕር ዳር ውስጥ ለጥገና ከመጡልኝ ሞዴሎች አብዛኞቹ የታመሙት በዚሁ ነው። ማኮብኮቢያው በካርቶን ላይ ተለጥፎ በማግስቱ ሲታይ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ተነሥተው የጣና ታንኳን አፍንጫ ይመስላሉ። ባለቤቶቹ የሚከሱት ካርቶኑን ነው፤ ጥፋተኛው ግን ውሃ ነው። ኮላ ውሃ ስላለው የተቀባው ወረቀት ይለጠጣል፤ ተለጥጦ እንዳለ ደረቁ ካርቶን ላይ ይጣበቅና ሲደርቅ ተኮማትሮ ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል።

የመሳቡ ኃይል በወረቀቱ ቃጫ፣ ማለትም ወረቀቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ክሮች፣ አቅጣጫ ይወሰናል። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ በቃጫው ርዝመት እምብዛም አይለጠጥም፤ የሚለጠጠው በአግድሙ ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን በሙሉ በርዝመቱ እንደሚያስረው ሁሉ፣ የወረቀቱም የካርቶኑም ቃጫ ከመርከቡ ርዝመት ጋር መሄድ አለበት። አቅጣጫውን ለማወቅ ከወረቀቱ አንድ በቁመት አንድ በአግድም 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች ይቁረጡ፤ ሁለቱን ቁራጮች በአንድ ጫፋቸው ብቻ ይዘው ሲያነሷቸው ይበልጥ የሚዘነበለው ቃጫው በአግድም የሆነው ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ቃጫው በቁመቱ ነው፤ ከትልቅ ወረቀት ተቆርጦ የሚሸጠው ጠንካራ ወረቀት ግን አይታመንም።

ኮላውን ወረቀቱን ሳይሆን ካርቶኑን ቀብተው በስሱ ይዳምጡት። ከካርቶኑ ሥርም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ባዶ ወረቀት በተመሳሳይ አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ሙጫና በዚያው ሰዓት ይለጥፉ፤ ሁለቱ ወረቀቶች እኩል ሲሳሳቡ ካርቶኑ ቀጥ ይላል። ከዚያ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል አስገብተው ክብደት ይጫኑበት፤ በበጋ አንድ ሙሉ ቀን፣ በሐምሌና በነሐሴ ሁለት ቀን ይቆይ። ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ፀሐይ ላይ አያስጡት። በዱቄት ሙጫም አይሥሩ፤ ውሃው ይበዛል፣ በረሮም ይጠራል። የመርከቡ አፍንጫ በበረሮ የተበላበት ሞዴል በእጄ ገብቶ ያውቃል።

አስቀድሞ የጎበጠውን ማኮብኮቢያ፣ ገና ከመርከቡ አካል ጋር ካልተጣበቀ፣ ከሥሩ ባዶውን ወረቀት ለጥፈው በክብደት ሥር በማቆየት ማዳን ይቻላል። ተጣብቆ ከሆነ ግን የማጣበቂያ ክንፎቹን በምላጭ ቆርጦ ከማንሣት ሌላ መንገድ የለም። በጉልበት ተጭኖ ማጣበቅ የከፋው ስህተት ነው። አንድ ተማሪ በግንቦት የጎበጠውን ማኮብኮቢያ በጣቱ ተጭኖ ለጥፎ ቀጥ ያለ መስሎት ሄደ፤ ሐምሌ ሲገባ እርጥበቱ ኮላውን አላላውና ማኮብኮቢያው ተነሥቶ ስድስት የጎድን አጥንቶች ይዞ ወጣ። ልጁ ጥፋቱን በእኔ ሙጫ ላይ አላከከ። ማኮብኮቢያውን አስወግዶ አዲስ መሥራት አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ የጎድን አጥንቶቹን ማስተካከል ግን ሁለት ቀን ወሰደ።

በካርቶኑ ላይ መጋጠሚያ ካለ ከወረቀቱ መጋጠሚያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ማረፊያው መስመር ከመርከቡ ርዝመት ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ስለሚያጋድል፣ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ትንሽ ቢንሸራተቱ ነጩ መስመር ተሰብሮ ይታያል። የተጠናቀቀውን ሞዴል በክረምት ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት።